ሦስተኛው ፉርጎ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሱቁ ጭር ብሎ ዋለ። ፎቶ ኮፒው ቀለም ጨርሷል፣ መብራቱም ሲሄድ ሲመጣ ነበር። ሁለት ደብተር ሸጥኩ። ነጋዴ ነኝ እንግዲህ!

ቤት ስገባ እማ እንደ ልማዷ ከተሲያቱ የአስር ሰላት በኋላ ባቡሩን ሞልታ ለቃዋለች። የቆርቆሮ መጫወቻ ባቡር ነው። አባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠራ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝቶ ያመጣው። ፊተኛው እንደ ሰዓት በቁልፍ ይሞላል፣ ፉርጎዎቹን እየጎተተ ክብ ሀዲዱን ይዞራል። ሦስት ነበሩ። አሁን ሁለት። ሦስተኛውን ታናሽ ወንድሜ አሚር ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሄደ። "ስመለስ እቀጥለዋለሁ" ብሎ።

"ካልሞላሁት ዝገት ይበላዋል" ትላለች እማ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። ድምፁን አልወደውም... ቅርርር፣ ከዚያ ቀጥ። አሁን አሁን ሱቅ ውስጥም እሰማዋለሁ። ጆሮዬ ነው ወይስ ጭንቅላቴ? ተይ ሱዓድ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የመስጊዳችንን ኢማም ሸህ አብደላን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እንደገና ጠየቅኳቸው። ሬሳ በሌለበት ለሞተ ሰው የሚሰገደውን፣ ሰላተል ጋኢብን።

"እናቱ ካልፈቀደች አላሰግድም ልጄ። እሷ በር በሩን እያየች እኔ በልጇ ላይ አላሁ አክበር ልል?"

ምን ይበሉ? እውነታቸውን ነው። አሚር በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ ነው የሄደው፣ ወደ ባሕሩ... ሳዑዲ ሊገባ። ጀልባ ተገለበጠ ተባለ። ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ፣ የሚናገር የለም። ደላላው ስልኩን አጠፋ። ለቅሶ አልተቀመጥን፣ ድግስ አልደገስን። ጎረቤታችን ረቢአ እንኳ ምን እንደምትል ግራ ገብቷት "አላህ ይመልሰው፣ አላህ ይዘንለት" ትላለች፣ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ። አልፈርድባትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16



ቴሌግራም ላይ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ግሩፕ አለ። የፎቶ ኮፒ ማሽን ስፈልግ ነበር የገባሁት። ዛሬ ድሬዳዋ ያለ ሙሀመድኑር የሚባል ነጋዴ ፎቶ ለጠፈ። አረንጓዴ የቆርቆሮ ፉርጎ። በሩ በቀለም የተሳለ... የእኛ! ደግሞ መንጠቆው። የአሚር ፉርጎ መንጠቆ ተሰብሮ፣ የአባን ጃንጥላ ሽቦ ቆርጦ ነበር የሠራለት። አባ ተቆጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀ። ፎቶው ላይ ያለውም ሽቦ ነው።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የኔ ልብ ቀድሞ አይቶ ዓይኔን ጎተተው።

"ከየት አገኘኸው?" ብዬ ጻፍኩ።

"ከጅቡቲ ከመጣ ዕቃ ጋር። ሰብሳቢ ነሽ?"

አዎ አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

"እንግዲያው እህቴ፣ መንጠቆውን ሳታረጋግጪ አትግዢ። ቆርቆሮ ባቡር ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። አንዱ በመንጠቆ ነው የሚያያዘው፣ አንዱ በቀለበት፣ አንዱ በቆርቆሮ ምላስ። ከፍታውም ይለያያል። ያንቺን ባቡር በኋላ በኩል ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ካልገጠመ አልሸጥልሽም።"

ደህና ሰው ነው። ፎቶውን ግን አልላክሁለትም። አይገጥምም እንዳይለኝ ፈርቼ ይሆን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

እማ ስልኬን ሳይ አየችኝ። አሳየኋት። አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው።

"የሱ ነው?"

"አላውቅም እማ።"

"ከየት መጣ አልሽኝ?"

"ከጅቡቲ።"

"ታዲያ እሱስ?"

ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ። ምኑን ልንገራት?

ዛሬ ባቡሩን አልሞላችውም። የመጀመሪያ ቀን። ሰላቷን ሰግዳ እዚያው ተቀመጠች። ከዚያ ሰማሁት፣ ቅርርር... እማም ቀና አለች። ባቡሩ እመደርደሪያው ላይ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ተያየን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ፉርጎውን ገዛሁት፣ መንጠቆውን አረጋግጫለሁ ብዬ ሙሀመድኑርን ዋሽቼ። በሹፌር እጅ ይልከዋል።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ከሰንበቴ ገበያ የተመለሰ ሰው ከተማውን ሞልቶታል። አንድ ባጃጅ አለፈ፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ማጅራቱ የአሚር። ሱቁን ክፍት ትቼ ሮጥኩ። ዞር አለ። አይደለም። ልጁ ፈራኝ መሰለኝ... እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም።

እስኪ በደንብ አስቢ ሱዓድ። አሚር ያንን ፉርጎ በጤናው አይሸጥም፣ ቢርበውም አይሸጥም። ስለዚህ ከገጠመ ሞቷል ማለት ነው። እማም ታምናለች፣ ይሰገድለታል፣ ሰው ይመጣልናል። ካልገጠመስ? ካልገጠመ ያው እንደ ትናንቱ ነው። ሌላ ስድስት ዓመት። ሌላ አሥር።

እና የትኛውን ነው የምመኘው? አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

መጣ።

በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ። እማ ለሰላት እንደምትታጠበው ውዱእ አድርጋ ነው የጠበቀችው። ወለሉ ላይ ሀዲዱን ገጣጠምን። ፊተኛውን፣ ሁለቱን ፉርጎዎች፣ ከዚያ ይኼኛውን...

መንጠቆው ከታች ሾልኮ አለፈ። እንደገና ሞከርኩ። ሾለከ። መንገድ ላይ ጎብጦ ይሆናል ብዬ በፒንሳ ቀና አደረግሁት። ደረሰ፣ ግን ከፊቱ ያለው ፉርጎ ቀዳዳ ጠባብ፣ ሽቦው ወፍራም። አገላብጬ በሌላው ጫፍ ሞከርኩ። አይሆንም። እጄን ቆርቆሮው ቆረጠኝ፣ አልተውኩም። በመጨረሻ እማ ናት በጣቷ ያሳየችኝ። ጎማው ሀዲዱ ላይ አልተቀመጠም፣ በአንድ በኩል አየር ላይ ነው።

የአሚር ፉርጎ እዚህ ሀዲድ ላይ ሲዞር ነው የኖረው። ይህ የሱ አይደለም። ሲጀመርም የሱ አልነበረም።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች እማ። "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ..." መሬቱን ሳመች።

እኔ ግን አለቀስኩ። የደስታ አይደለም። ስቅስቅ ብዬ፣ እንደ ሕፃን። እማ መጀመሪያ የደስታ መስሏት ራሴን ዳበሰችኝ። ከዚያ እጇን አነሳች። አገጬን ይዛ ፊቴን አየችው።

"የሱ እንዲሆን ነበር የፈለግሽው።"

ምን ብዬ ልዋሽ? ያረብ፣ ወንድሜ መሞቱን የሚነግረኝ ዕቃ በገንዘቤ አስመጣሁ። የሱ አለመሆኑን ሳይ ከፋኝ። እንዲህ ዓይነት እህት አለች?

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም።

"ያ ኢንተለ ኮ... ልጄ። መቼ ቀበርሽው?"

"በሄደበት ዓመት።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን እማ።"

ከዚያ ፉርጎውን አንስታ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። መልሼ ልላከው ወይ ብላት እንቢ አለች። "ተይው ይቀመጥ። ይሄንንም የሌላ እናት ልጅ ይዞት ይሆናል።"

ሙሀመድኑር ጻፈልኝ። "ገጠመ?" አልገጠመም አልኩት። "አላልኩሽም?" አለኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 29

ጠዋት እማን ለብሳ አገኘኋት። ወዴት ስላት ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ተከተልኳት። ቀጥታ ሸህ አብደላ ቤት።

"ሸህዬ፣ ለአሚር ያሰግዱለት።"

"ዘይና፣ ወሬ መጣ እንዴ?"

"ምንም አልመጣም። እኔ ተስፋዬን አልጨረስኩም፣ አሁን በሩን ቢከፍተው አልደነግጥም። ከመጣ ይሳቅብኝ። ይቺ ግን እዚሁ ቤቴ ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ ኖራ እኔ አላየኋትም።"

ሸህ አብደላ ዓይናቸውን ጠረጉ። ለሚቀጥለው ጁሙዓ አሉ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀችም።

አርብ፣ ኅዳር 6

ተሰገደለት። አሚር ሙሀመድአሚን ሲባል በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። የረቢአን ክንድ ጨብጬ ያዝኩ። ሩኩዕ ብሎ ማጎንበስ የለው፣ ሱጁድ ብሎ መደፋት የለው፣ ባንድ አፍታ አለቀ። ይሄው ነው እንዴ? ለዚህ ነው ስድስት ዓመት?

ከሰላት በኋላ ቤቱ ሞላ። ግቢው፣ ደጁ፣ መንገዱ ሳይቀር። ከገጠር ዘመድ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። እኔ ጓዳ ገብቼ ውሃ ስቀዳ፣ ብርጭቆ ሳጥብ... ከሰው መሸሼ ነው። የሰውን ድምፅ ግን እሰማለሁ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ዘይና፣ አላህ ያጽናሽ ዘይና። እማ አታለቅስም።

ከዚያ ጠራችኝ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ሰዉ መሃል ጎኗ አስቀመጠችኝና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"እኔን ተዉኝ። እሷን አጽናኗት። ስድስት ዓመት ለቅሶ ላይ ነበረች፣ ማንም አልደረሰላትም።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት የማላውቃት አሮጊት ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችልኝ።

አለቀስኩ። ሰው እያየኝ።