ጋሻ መዋዋስን ላስቀሩልን ለ«ሰማይ ዳር» የሚዛን ኃላፊ

ለተከበሩ የ«ሰማይ ዳር» ጌም የሚዛን ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ እንቅልፍዎ ደህና ነው? ቀኑን ሙሉ የሰው መርከብ ሲመዝኑ ለሚውሉ ሰው ከጤና የሚበልጥ የለምና ወንበርዎ የተመቸ፣ ኢንተርኔትዎ የማይቆራረጥ፣ ኅሊናዎም እስከ ዛሬ እንደነበረው ሁሉ ድምፅ የማያሰማ እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እርስዎ ካሻሻሉልኝ ኑሮ በቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ «ተመራቂው» የምባለው እኔ ነኝ። ይህን ስም ያወጡልኝ የጌም ጓደኞቼ ናቸው፤ ምክንያቱም ከተመረቅሁ ወዲህ የጋዋን ፎቶዬን ከመለያዬ ላይ ለማንሳት ልቤ እሺ አላለኝም። ባለፈው አፕዴት ማብራሪያ ግርጌ በይፋ ያመሰገኑት ሰው ማለት ነኝ። ወደ ምስጋናው እመለሳለሁ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ በመሆኑና ጌሙን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እርስዎ ይህን ክፍል ሊዘሉት ይችላሉ፤ የጻፍንልዎትን መዝለል እንደሚችሉበት አውቃለሁ።

«ሰማይ ዳር» እያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ፕላኔት ተሰጥታው መርከብ የሚሠራበት፣ ምሽግ የሚገነባበት፣ ከሌሎች ጋር ኅብረት ፈጥሮ በአንድ ሰማይ ላይ የሚዋጋበት ጌም ነው። የእርስዎ የሚዛን ክፍል ሥራ የመርከቡንና የጋሻውን ጉልበት እየመዘነ ጨዋታው ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ሕጉን ማስተካከል ነው። የእኛ ኅብረት «ጓሮ» ይባላል። ከካርታው ጥግ ስለምንኖር ትልልቆቹ ሊሰድቡን ያወጡልን ስም ነበር፤ እኛ ወደድነውና ባንዲራችን ላይ ጻፍነው። ከመካከላችን ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ አክስቴም አለች። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሥራ እስካገኝ የምኖረው በእሷ ቤት ሲሆን የምውለውም ሱቋ ውስጥ፣ ከካውያው ጠረጴዛ ጀርባ ነው። ጌሙን የጀመረችው እኔን ልትቆጣ መጥታ ነው። «እስቲ ይሄ ቀኑን ሙሉ አፍጥጠህ የምታየው ነገር ምንድነው?» ብላ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከኋላዬ ቆመች፤ ቆመች፤ ከዚያ «ታዲያ ያቺኛዋን ፕላኔት ለምን ባዶዋን ትተዋታለህ? የሰው እጅ ያጣች መሬት አይደለች? በል አምጣት» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ደንበኛ ቁልፍ መርጦ እስኪጨርስ መርከብ ታሠራለች።

ጓሮ ትልልቅ የመርከብ ጓድ ኖሮት አያውቅም። ያለን ጋሻ ነበር፤ እሱም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። ጌሙ ጋሻን ለሌላ ተጫዋች በስጦታ መላክ ይፈቅዳል፤ የእናንተ ሐሳብ ምናልባት ለልደት ይሆናል። እኛ ግን መዋዋሻ አደረግነው። አንዳችን ስንወረር ሌሎቻችን ጋሻችንን እንልክለታለን፤ ጋሻ በጋሻ ላይ ሲደረብ የትልቁ ኅብረት መድፍ እንኳ አይበሳውም፤ ወራሪው ነዳጁን ጨርሶ ይመለሳል፣ ጋሻውም ወዲያው ወደየባለቤቱ ይሄዳል። ያዋሰ ሰው ጋሻው እስኪመለስለት ድረስ ራቁቱን ነው። ማን እንዳዋሰ ግን ከእኛ ሌላ ማንም አያውቅም፤ ጠላት ማንኛችን ባዶ እንደሆንን ስለማያውቅ ሁላችንንም ይፈራ ነበር። ደካማ ምሽግና ጥቂት መርከብ ይዘን በዚያ ሰማይ ላይ የከረምነው በዚህ ነው፤ በመተማመን።

አሁን፣ ክቡርነትዎ ከፈቀዱልኝ፣ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ግብዣዎ። «የጌሙን ሚዛን ከተጫዋቾች ጋር እናስተካክላለን» ብላችሁ በጎ ፈቃደኞችን ስትሰበስቡ ለእኔ በግል ጽፈው «ትናንሽ ኅብረቶች እንዴት እንደሚተርፉ ካንተ በላይ የሚያስረዳን የለም» ስላሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ስታቲስቲክስ ተምሮ ካውያ ሲያሞቅ ለሚውል ወጣት እንዲህ ያለው ቃል ምን እንደሚያደርግ ልንገርዎ? በዚያ ቀን የአንድ ሰውዬ ሱሪ ሁለት ጊዜ ተኩሻለሁ። አክስቴ ለመንደሩ ሁሉ «የእህቴ ልጅ ጌም ቤት ገባ» ብላ አወራች። «አልተቀጠርኩም እኮ፣ ተጠየቅሁ እንጂ» ብላት «ልጄ፣ መቀጠር የሚጀምረው ከመጠየቅ ነው» አለችኝ፤ ደንበኞቿም እንኳን ደስ አለህ አሉኝ፤ እኔም ምን ልበል፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን አልኩ።

የጠየቁኝን ጥናት ከመጻፌ በፊት ግን ጓሮን አስፈቅጃለሁ። ዳቦ ጋጋሪው በግሩፓችን ላይ «ወንድሜ፣ ካርታ የሚጫወት ሰው እጁን ገልብጦ ያሳያል እንዴ?» ብሎ ተከራክሮኛል። እኔም በተመራቂ አፌ፣ የጌሙ ሰዎች ዳኛ እንጂ ተጫዋች አይደሉም፣ ዳኛ ደግሞ ሁሉን ማየት አለበት ብዬ አስረዳሁት። በመጨረሻ ነርሷ «በቃ፣ ባንተ ይሁንብን» አለች። ይቺን ቃል ይያዙልኝ፤ እኔ ይዣታለሁ፣ ከባድ ናት።

፪. ስለ ምክሬ አተረጓጎም። በጥናቴ ላይ የለመንኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የመርከብ ጓድ በተለቀ ቁጥር ነዳጅ አብዝቶ እንዲበላ፣ ትልቅ ሁሉ ባሻው ጊዜ ባሻው ቦታ እንዳይደርስ፤ ሁለተኛው የጋሻ መዋዋስ እንዳይነካ፣ ትንሽ ተጫዋች ከብዙ ሰው ጋር በሚጫወትበት ጌም ላይ ያለው መከላከያ ጎረቤቱ ብቻ ነውና። ይህን ለማስረዳት መዋዋሱ እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ ጻፍኩልዎ። እርስዎም ልመናዬን አልፈው አሠራሩን አነበቡ። አፕዴቱ ሲወጣ የተዋሰ ጋሻ በማግስቱ እንጂ አይመለስም ተባለ፤ ያዋሰ ፕላኔትም በሰው ሁሉ ካርታ ላይ ቀይ ሆኖ እንዲበራ ተደረገ። ይህንንም «ግልጽነት» ብለው ሰየሙት። የትልልቆቹን ነዳጅ ደግሞ «ጨዋታው ሞቅ እንዲል» በሚል አረከሱላቸው። ሕመምተኛ እዚህ ጋ ያመኛል ብሎ ሲያሳያቸው እዚያው ላይ የሚረግጡ ሐኪም በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

፫. ስለዚያ ቀን። አፕዴቱ የወጣው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ማብራሪያውን ከእኔ በቀር ከጓሮ ማንም አልከፈተውም፤ እኔም ጥናቴ ሥራ ላይ ዋለ ብዬ፣ ስሜ ይኖር ይሆን እያልኩ፣ እየፈነደቅሁ ነበር የማነበው። ገና ከመሃሉ ሳልደርስ «ዘውድ» የሚባለው ትልቁ ኅብረት፣ ማንበብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና፣ በነርሷ ፕላኔት ላይ ዘመተ። እሷ ተረኛ ሆና ክፍል ውስጥ ነበረች። ጓሮ ምን አደረገ ይመስልዎታል? እንደ ልማዱ አዋሰ። ሁሉም፣ ሳይጠይቅ፣ አንድ ላይ። አክስቴ የአንድ ሰውዬ እጅጌ በስፒል እያያያዘች ነበር፤ ሰውዬውን ክንዱን እንደዘረጋ ትታው ስልኳን አነሳችና ጋሻዋን ላከች። እኔ የጋሻውን አንቀጽ ያኔ ገና ደርሼበት «አታዋሺ!» ብዬ ስጮህ «ምን ማለትህ ነው፣ ልጅቱ ትጥፋ?» አለችኝ።

ካርታው ቀላ። ዘውድ የነርሷን ፕላኔት ትቶ መርከቦቹን አዞረ፤ ባዶውን ፕላኔት ሁሉ መብራት እያሳየው መፈለግ እንኳ አላስፈለገውም። ከሁሉ በፊት የደረሰው አክስቴ ጋ ነበር። ሰውዬው ክንዱን እንደዘረጋ «እትዬ፣ ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አክስቴ «አይ፣ ፕላኔት ነው» ብላው ወደ እጅጌው ተመለሰች። ስፒሉ ግን ወጋው፤ በአክስቴ እጅ ሰው ሲወጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የተዋጣለት የጦር ሚዛን ብዬ አደንቃለሁ፤ ምሽጎቻችንን ያፈረሰው የጠላት መድፍ ሳይሆን የእኛው ደግነት ነውና። ብዙ የጦር ጌም ተጫውቻለሁ፤ ጓደኛውን ለማዳን የሮጠውን ሰው ለይቶ የሚቀጣ ሕግ ያወጣ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

፬. ስለ ምስጋናዎ። እነሆ ደረስን። ፍርስራሹ ገና ሲጨስ ዳቦ ጋጋሪው የአፕዴቱን ማብራሪያ እስከ ግርጌው አነበበና ግሩፓችን ላይ ለጠፈው፦ «የጋሻ መዋዋስን ክፍተት በዝርዝር ላሳየን ለጓሮው ተመራቂ ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን።» ሰው በጠላት ጥይት ይመታል፤ እኔ በወዳጅ ምስጋና ተመታሁ። ክፍተት አላልኩም፤ ጎረቤት ነው ያልኩት። ዳቦ ጋጋሪው «ተመራቂው፣ ማዕረግህ ደረሰልህ፣ ጋዋኑን ልበሰው» ብሎ ጻፈ። ነርሷም ከተራዋ ወጥታ አነበበችው። ከኅብረቱ ሲያስወጡኝ ድምፅ ሰጥተው ነው። አክስቴ ምን ብላ ድምፅ እንደሰጠች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እራት ሰዓት ላይ ሳህኔን ስታቀርብልኝ ብቻ «ሰው ደስ ሲለው ብዙ ያወራል፣ ምን ይደረጋል» አለች። አልተቆጣችም። ያ ነው ያልቻልኩት።

በየስብሰባው «ማኅበረሰባችን» እያላችሁ የምትጠሩን እኛን ነው። እኔ ይህን ቃል አምኜ ነበር። ሞኝ ነበርኩ አልልም፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሲጠይቅ በእውነት መመለስ ሞኝነት የሚሆንበት ዓለም ውስጥ መኖር ገና አልለመድኩም።

፭. ስለ ዝምታዎ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ጻፍኩልዎ። የለመንኩት አፕዴቱን እንዲሽሩ አይደለም፤ ሚዛን የእርስዎ ሥራ ነው፣ ቢያጋድልም የእርስዎ ነው። የለመንኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ተመራቂው የጠየቀን የዚህን ተቃራኒ ነው» የምትል። ከዚያች ምስጋና ሥር፣ በዚያው የፊደል መጠን። መልስ ሆኖ የመጣልኝ ግን አዲስ ግብዣ ነው፤ ትናንሽ ኅብረቶች ከሽንፈት በኋላ እንዴት እንደሚያገግሙ «ካንተ በላይ የሚያስረዳን የለም» የሚል። ቃል በቃል ያው መሆኑ ልቤን ነክቶታል። እርስዎ የሚዋጋ መርከብ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ይጨነቃሉ፤ ማባበያዎ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከእርስዎ መጠበቁን ትቼ ራሴ ጻፍኳት፤ ይህ ደብዳቤ እሷው ናት፣ ትንሽ ረዘመች እንጂ። ጓሮዎች፣ ካነበባችሁት፣ የጠየቅሁት የዚህን ተቃራኒ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ካልሰጡኝም ስለ ሐሳቡ አመሰግናለሁ። መርከቦችዎ ይብዙ፣ ነዳጅዎ ይርከስ፣ ምሽግዎን የሚያውቅ ሁሉ ወዳጅ ይሁንልዎ፤ ጋሻ የሚያስፈልግዎ ቀን ከመጣም በርዎን አንኳኩቶ የሚያውስዎ ጎረቤት አይጡ እያልኩ፣ ከካውያው ጠረጴዛ ጀርባ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ተመራቂው፤
የስታቲስቲክስ ምሩቅ፣ የሚዛን ክፍልዎ የክብር ተመስጋኝ፣ ለጊዜውም የሱሪ ተኳሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ጓሮዎች አንብበውታል። ዳቦ ጋጋሪው «አክብሮቱ በዛ፣ ሰውዬው የእውነት ይመስለዋል» ብሎኛል። ነርሷ ተከራክራልኝ ከትናንት ወዲያ መልሰው አስገብተውኛል፤ ፕላኔት አልሰጡኝም፣ አንዲት የጭነት ጀልባ ሰጥተውኛል። ሌላም ደስ የሚል ወሬ አለኝ፦ ጓሮ አዲስ መከላከያ አግኝቷል። ዘውድ ሰሞኑን መጥቶ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ተመልሷል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ስለ እሱ ሲነጋገሩ በሌላ ግሩፕ ነው፤ አክስቴም ለካውያው ውኃ ልቀዳ ስነሳ ስልኳን በፊቱ ጨርቁ ላይ ትደፋዋለች፤ ሳልፍ ፈገግ ትልልኛለች፣ እኔም ፈገግ እልላታለሁ። ስለዚህ ለአዲሱ ግብዣዎ መልሴ እሺ ነው፣ ቀኑን ይንገሩኝ ብቻ፤ ከጓሮ ሰው ሁሉ መካከል ምንም የማያውቅ ሰው ቢፈልጉ ከእኔ የተሻለ አያገኙም፤ እንዲህ ያደረጉኝም እርስዎ ነዎት።