ሱሪህን ለብሼ ራስ ደጀን ወጣሁ

ቶሌ፣ የቤቴ ጌታ፣ ጓደኛዬ፤

እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን አይቼ መጥቻለሁ። አንተን ካጣሁህ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ከርሞ አሁን ገና መጠጥ ማለት ጀምሯል። ይህን ደብዳቤ ደብቄ አልጽፈውም። ማንም ቢያነበው ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ያንብቡት።

ልጃችን ጫልቱ ማንበብ ጀምራለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስለነበር ፊደል ስትቆጥር ታፏጭ ነበር፤ አሁን በቅለውላታል። የቤቱን ክዳን ቆርቆሮ አስመታሁት። ሣሩን ትወደው እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ያፈስ ነበር፣ አንተም አልነበርክም። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ወንድምህ ኦቦ ገመዳ ከወንዙ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ሌላ ተክለዋል። የጎንደር አውቶቡስ ዛሬም በደጃችን ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር ውሻው ይነሳና መንገዱን ያያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል።

ካርታ ከሚያነሱት ሰዎች ጋር ሰሜን ወጥተህ ስትመለስ ፊትህ ተልጦ፣ ከንፈርህ ተሰነጣጥቆ ነበር የምትገባው። አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ቅቤ እቀባሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ዝም በል ብልህም አትሰማኝም፣ ስለ ተራራው ታወራለህ። በክረምት ጉሙ ሌት ተቀን አይገለጥም፣ የዘረጋኸውን እጅህን አያሳይህም ትለኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ይከፈታል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ብርጭቆ ይመስላል፤ ቀን ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፣ ማታ ደግሞ ውሃው ኮዳ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ከየካቲት ወዲያ ጭጋግና አቧራ። በልጉን ግን አላምነውም ትለኝ ነበር፤ ጧት ይስቅልሃል፣ ከቀትር በኋላ መብረቅና በረዶ ይዞ ይመጣል። ስለ አንዲት ሴት የምታወራ ይመስል እቀና ነበር። አሁን ብነግርህ ምን አለበት? እቀና ነበር።

ሚያዝያ ላይ ያው በልግ ወሰደህ። መርዶህን ያመጣው አውቶቡሱ ነው። የቀበሩህ እዚያው፣ ተራራው ሥር ካለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኛ ጋ የደረሰው ወሬ ብቻ ነበር። እንዴት እንደሞትክ የሚያውቅ አልነበረም። ኦቦ ገመዳ ግን ለቅሶው መካከል ቆመው ፈረዱብህ።

«ጥጋብ ነው የገደለው! እግዜር ሰው እንዲኖርበት ያልፈጠረው ቦታ ድረስ ምን ወሰደው? ከዛሬ ጀምሮ የዚያ ተራራ ስም በዚህ ቤት እንዳይነሳ።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አፌ ታስሮ ነበር። ክረምቱ እንደ ምንም አለፈ። መስከረም ላይ ጫልቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት፣ አንዷ «አባትሽ በምን ሞተ?» አለቻት። ልጅህም ቀና ብላ፣ ስሟን እንደምትናገር ሁሉ፣ «በጥጋብ» አለቻት።

ያን ቀን ነው የቆረጥኩት። ልጄ ይህን ቃል ይዛ አታድግም። የሆነውን ያየ ሰው እዚያ አለና ሄጄ እሰማለሁ፣ የሞትክበትንም በዓይኔ አያለሁ አልኩ።

ጥቅምት ሲገባ ጫልቱን እናቴ ጋ ትቼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ኦቦ ገመዳ ሰምተው ኖሮ እየሮጡ መጡ።

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ከል የለበሰች ሴት የት ትሄዳለች? ለሰው ምን እላለሁ እኔ?»

«ባሏን ልትጠይቅ ሄደች ይበሉ» አልኳቸውና ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጃቸውን አንስተው እንደቆሙ ቀሩ።

ደባርቅ ላይ ባለበቅሎውን ደምሌን አገኘሁት። ስሙን ካንተ አፍ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ገና ብዙነሽ ነኝ፣ የቶሎሳ ሚስት ስለው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አለቀሰ። የሆነውን ስጠይቀው ግን «ላይ ስንደርስ እነግርሻለሁ» አለኝ። ጓዝህን አስቀምጦልኝ ነበር፤ ያችን ካኪ ሱሪህንና የወታደር ካፖርትህን። ተራራው ሥር ካለው መንደር ስንደርስ ነፋሱ ቀሚሴን እየገለበ አላራምድ አለኝ፤ አንድ ጎጆ ገባሁና ሱሪህን ለበስኩ። እግሩን አጠፍኩት፣ ወገቡን በመቀነቴ አሰርኩት። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። የደብሩ ቄስ ሳይቀሩ፣ «ልጄ፣ ሴት በወንድ ሱሪ ነውር አይደለም ወይ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ቁሩ ወንድ ሴት ለይቶ አይመታም» አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱኝ።

አንተ የነገርከኝን ሁሉ አገኘሁት። ፀሐይዋ ጉንጬን ላጠችው። ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ፤ ጧት ስነሳ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል፣ እንስራው ውስጥ ያለው ውሃ በበረዶ ተከድኗል። ጅብራ የሚሏቸው ረጃጅም ተክሎች ጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆመው ታዩኝና ደነገጥኩ። ሽቅብ ስንወጣ ትንሽ ተራምጄ እቆማለሁ፤ አየሩ ይገባል ግን አይበቃም፤ ራሴን በመዶሻ የሚመታኝ ያለ ይመስለኛል። ቢሆንም ከጫፉ ሩቅ አልነበርንም። ገና ቀትር ሳይሆን ግን ከገደሉ ሥር ደመና መነሳት ጀመረ። ነፋሱ ዞረ። እንደ ጨው ያለ ደቃቅ በረዶ ፊቴን ወጋኝ።

«እንመለስ እቴ» አለ ደምሌ።

«አልመለስም። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ? አንተ ከፈራህ ሂድ!» ብዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ደምሌ አልተቆጣም። አጠገቤ ተቀመጠ። «ቶሎሳኮ ያን ዕለት ተመልሶ ነበር» አለኝ።

ቶሌ፣ ሁሉን ነገረኝ። ደመናውን አይተህ ሰዉን ሁሉ ይዘህ ዋሻው ድረስ እንደወረድክ ነገረኝ። ከዚያ ሰው ስትቆጥሩ አንዱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ፣ ጎደለ። መሣሪያውን ሊሰበስብ ኋላ ቀርቶ ነበር። መብረቁ ተራራውን ይመታል፣ በረዶው ጉልበት ድረስ ይከመራል፤ አንተ ተነሳህ። ደምሌ ክንድህን ይዞህ ነበር፤ አስለቀቅከው። ሰውየውን አለት ሥር ተኮራምቶ አገኘኸው፣ ካፖርትህን አልብሰህ እየጎተትክ አመጣኸው። ዋሻው ውስጥ እንጨቱ ርሶ እሳት እምቢ አለ። በሸሚዝህ ብቻ፣ እንደረጠብክ፣ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ መንቀጥቀጡን ተውክ። «ዳነ ብለን ደስ አለን» አለኝ ደምሌ። «‹ሞቀኝ› አለን። ለካ እሱ ነው መጨረሻው። እኛ አላወቅንም እቴ።»

ያ ሰው በሕይወት አለ። ካፖርትህ ደግሞ እኔ ትከሻ ላይ ነበር።

ተናደድኩብህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከማዘኔ በፊት ተናደድኩብህ። ጫልቱን አላሰብክም ወይ? እኔን አላሰብክም? አጠገብህ ብኖር እግርህ ላይ ወድቄ አትሂድ እልህ ነበር፤ አንተም አትሰማኝም ነበር። ያንን ሳውቅ ነው እንባዬ የመጣው። ከዚያ ተነሳሁና፣ «በል እንመለስ» አልኩት። ተራራው ሲቆጣ ተመልሶ መውረድ ፈሪነት አልነበረም፤ አንተም ያን ዕለት ያደረግከው እሱኑ ነው።

በማግሥቱ ሰማዩ ታጥቦ አደረ። ገና ሲነጋጋ ጀመርን። የመጨረሻውን አለት በእጄና በእግሬ፣ ደምሌ ከላይ እየሳበኝ ወጣሁት። ጫፉ ላይ ነፋሱ ሊጥለኝ ይታገለኛል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ከንፈሬ ደምቷል። ዙሪያውን ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል። እንዲህ ያምራል ብለህ ነግረኸኝ አታውቅም፤ ስለ ቁሩ ብቻ ነበር የምታወራው። እዚያ ቆሜ ለተራራው፣ «ባሌን ወስደሃል፤ እኔን ግን አታስፈራኝም» አልኩት። ደምሌ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ስወርድ ከመቃብርህ ዋልኩ። አፈሩን በእጄ ነካሁት፣ ሞቅ ያለ ነበር፤ ፀሐይ ያገኘዋል።

ሙት ዓመትህ ሚያዝያ ላይ ሲደርስ ዘመድ ጎረቤት ሁሉ ቤቱን ሞላው። ከቀትር በኋላ በረዶ ጣለና ቆርቆሮው ሰው አላነጋግር አለ። እስኪያባራ ጠበቅሁ። ሲያባራ ተነስቼ ቆምኩ። ሴት በእንዲህ ያለ ቀን ቆማ አትናገርም፤ እኔ ተናገርኩ። ራስ ደጀንን በስሙ ጠራሁት። ደመናውን፣ ዋሻውን፣ የቀረውን ሰውዬ፣ ካፖርቱን፣ «ሞቀኝ» ያልከውን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። «ጥጋብ ነው ያላችሁ ሁሉ፣ አሁን ሰምታችኋል» ብዬ ጨረስኩ።

ኦቦ ገመዳ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«ያ ረቢ!» አሉ። በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ብቻውን ነበር?» አሉኝ።

«አልነበረም። ደምሌ አቅፎት ነበር።»

በለቅሶህ ቀን ያላለቀሱት ሰውዬ ያን ቀን ነጠላቸው እስኪርስ አለቀሱ። ሰዉ አጽናኛቸው ብሎ ያየኛል። አላጽናናኋቸውም። ጫልቱን ከደጅ ጠርቼ ፊታቸው አቆምኳትና፣ «ያንን ቃል ከእርስዎ ነው የሰማችው፤ ይኼንንም እርስዎ ይንገሯት» አልኳቸው።

ሁለት እጇን ያዙና፣ «አባትሽ ወርዶ ነበር፣ ልጄ» አሏት። «ሰው ላይ መቅረቱን አየና ተመለሰ።»

ቶሌ፣ ከእንግዲህ በገበያም፣ በለቅሶ ቤትም፣ አውቶቡስ ላይም፣ ባልሽ በምን ሞተ የሚለኝ ሁሉ ይህንኑ ይሰማል፤ ቢሰለቸውም ይሰማል። እኔ የደከምኩ ቀን ደግሞ ጫልቱ አለች፤ እሷም ታውቀዋለች።

ሚስትህ ብዙነሽ