ወላጅ የሌለው መስመር

እሑድ፣ ጥር 4

ጅዳ። ከሰፈሬ ከሳፋ እስከ ቢሮ መንገዱ ዝግ። እንደ ወትሮው።

የአውቶቡስ ኢንተርኔት ሣጥኖቻችን ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሞደም ተገጠመ። እያንዳንዱ ፋብሪካ ሞደሙን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ በራሱ አመል ይጽፋል። የኢንተርኔት መስመር ክፈት ለማለት አንዱን በፋይል፣ አንዱን በቁጥር፣ አንዱን በልመና... ሞደም በተቀየረ ቁጥር እኔ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ እጽፋለሁ።

አለቃዬ ኢንጂነሩ፣ ሙሐንዲስ ሪያድ፣ ብቅ አለ። "አንቺ ከውሰር፣ ረመዳን ሊገባ ነው፣ ለዑምራ መካ የሚሄደው ሰው መንገድ ላይ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ያላ፣ ቶሎ በይ!" ኮድ ከፍቶ አያውቅም፤ "ያላ" ግን አሳምሮ ያውቃል።

ወሰንኩ። ለሁሉም ሞደም የሚሆን አንድ የጋራ በር፣ የሥርዓቱ እምብርት በሆነው፣ ዓለም በሚጋራው ከርነል ውስጥ። ከተሳካ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ካልተሳካ... የሪያድን ሣጥን ስጠግን እሸብታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ላክሁት። ማንም በሚያነበው የኢሜይል መድረክ፣ የሚገባውን ኮድ ለሚመረምሩት ለከርነል ጠባቂዎቹ። ንድፉ ቆንጆ ነው፦ መጀመሪያ አንድ "ወላጅ" ይመዘገባል፤ መስመሮቹ ሁሉ በእሱ ስም ይከፈታሉ። ሥርዓት ያለው ነገር። ለራሴ አጨበጨብኩ።

እሑድ፣ ጥር 18

አማር የሚባል ሰው መለሰ። የሌላ ሞደም ድራይቨር ይጽፋል፤ ቢሮው እዚሁ ጅዳ፣ ባግዳዲያ ሰፈር ነው። ከዓለም ሁሉ የሚተቸኝ ሰው ጠፍቶ የጅዳ ሀበሻ ይሁን? "ይህ ወላጅ ምን ይሠራል? የእኛ ሞደም ወላጅ የለውም። እሱ ሲጠፋስ መስመሮቹ ለምን አብረው ይጠፋሉ?" ጠባቂውም ጨመረበት፦ "አንድ ሞደም ብቻ የሚጠቀምበትን የጋራ አንለውም። ሁለተኛ አምጪ።"

ኢሜይሉ ሥር ቁጥሩ አለ፤ ደወልኩለት።

"ወንድም አማር፣ ወላጅ ከሌለው መስመሩ የማን ሊባል ነው?"

"የማንም ባይባል ምን ይሆናል እህቴ?"

"እንዴ! ሥርዓት የለም እንዴ?"

"እሺ... ግን ምን ይሠራል?"

ዘጋሁበት። ደረቅ!

ዓርብ፣ ጥር 23

መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ እማ ቤት። ከጁምዓ ሶላት በኋላ። እማ ተናዳለች። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ሊያልቅ ነው፤ በስሙ የምትኖረውና ፈቃዱን የሚያድስላት ሳዑዲ፣ ከፊሏ፣ ደግሞ ሽርሽር ሄዶ ስልኩን ዘግቷል። ስንት ዘመን ሰው ቤት ለፍታ፣ ዛሬ በራሷ ልብስ እየሰፋች ታድራለች። ሰውዬው ደጃፏን ረግጦ አያውቅም። ሥራው ስሙን ማዋስ ነው።

"እሱ ከጠፋ እኔም ጠፋሁ ማለት ነው? ወላሂ፣ ምን ይሠራልኛል ይሄ ሰውዬ?"

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

ምን ይሠራል? ምንም። ስሙን ያውሳል። ሲጠፋ ከሥሩ ያሉት ይጠፋሉ...

ያ ረቢ! ከርነሉ ውስጥ ከፊል ነው የተከልኩት። እዚህ ተወልጄ፣ በከፊል ስም ተምሬ፣ በከፊል ስም ሥራ ይዤ፣ ከፊልን ስረግም አድጌ... ማንም ሳያዘኝ ለሞደም ከፊል ቀጠርኩለት። ያውም ለዓለም ሞደም ሁሉ! የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ። አማር ግን ደሴ ከተማ አድጎ፣ ከተማረ በኋላ ወደዚህ የመጣ ነው። ለዚህ ይሆናል ቶሎ የታየው። እኔማ ያለ ወላጅ መስመር መኖሩ በሕልሜም አልመጣልኝም።

ሳቄ አመለጠኝ። "በኔ ነው የምትስቂው?" ብላ እማ ተቆጣች።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ወላጁን ሰረዝኩት። መስመር የራሱን ቁጥር ይዞ፣ ራሱን ችሎ ይከፈታል።

ሪያድ ፊቱን አጨፍግጎ ገባ። "የኛ ሣጥን የሚሠራው በወላጁ ነው። መልሺው።"

"ሣጥኑን አስተካክለዋለሁ።"

"ለሌላ ኩባንያ ስትይ? ... ለመሆኑ ኢቃማሽ መቼ ነው የሚያልቀው?"

ኢቃማዬን የሚያድሰው ሰው እንዲህ ነው ያለው። ስለ ሙቀቱ እንደሚያወራ ሰው።

ልመልሰው ይሆን? ትንሽ ኮድ ነው፣ ምን ይጎዳል? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ላክሁት። ያለ ወላጅ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አማር ድራይቨሩን በኔ በር አስገባ። ሠራ! ሁለተኛ ተጠቃሚ ተገኘ። እንኳን ደስ ያለሽ ሳይለኝ ስህተቴን ይለቅም ጀመር። ደረቅ ነው ብያለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ገባ። ጠባቂው የጻፈው አንድ ቃል ነው፦ "ተቀብያለሁ።" ደጋግሜ አነበብኳት።

ሪያድ ለባለ አውቶቡሶቹ "የኛ ሐሳብ ነው" ብሎ አስረዳ። ወላጅ አለመኖሩን በተለይ አወደሰው! ኢቃማዬን ግን አላደሰም። ደግነቱ የአማር ኩባንያ ሊወስደኝ ተስማምቷል። የዝውውሩን ማመልከቻ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። "አሠሪ" የሚለውን፣ የከፊሉን ቦታ፣ ባዶ ትቼ ሞከርኩ... እንዲያው ነገር ፍለጋ። ገጹ አልቀበልም ብሎ ቀይ በቀይ ሆነ። የአማርን ኩባንያ ሞላሁበት።

ጾም መፍቻ፣ ኢፍጣር ላይ እማ ደወለች። ከፊሏ አሁንም የለም፤ ኢቃማዋ አልፏል፤ እንዳትያዝ ከቤት አትወጣም።

"ያ ስትለፊበት የከረምሽው ነገር ምን ሆነ?"

"ተቀበሉት እማ። ያለ ከፊል የሚያስገባ በር ነው የሠራሁት።"

ቀስ ብላ፣ "የት ነው ልጄ? እኔንም ውሰጂኝ" አለች።