ሄዚቴት የሚሉት ነገር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ልብስ ሰፊው ቤት ጠርዝ ስዘመዝም ዋልኩ። ከሥራ መልስ የእንግሊዝኛ ንባቤን ቀጠልኩ። ሄዚቴት የምትል ቃል ላይ ቆምኩ። መዝገበ ቃላቱ «ማመንታት፣ ማቅማማት» ይላል። አንድ ናቸው እንዴ? የሚያመነታ ልቡ ለሁለት ተከፍሏል። የሚያቅማማ ግን ልቡ ያውቃል፣ አፉ ነው እምቢ ያለው... እንጃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ልጄን ጠየቅኋት። ነርስ አይደለች እንዴ፣ እንግሊዝኛው ይገባታል።

«ደብዳቤ ሲጨርሱ ‹ዶንት ሄዚቴት› ይላሉ፣ እማ። ሳትሳቀቂ ጠይቂ ለማለት።»

«ማመንታት አይደለም?»

«እሱም ነው።»

«መሳቀቅም?»

«ኧረ እማ፣ ቃሉን ቁም ስቅሉን አሳየሽው።»

ሳቅን። ከዚያ ድንገት... ሩቅ ከተማ ሥራ ማግኘቷን ነገረችኝ። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።

«ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«አንቺ እንደመሰለሽ» አልኳት። ፊቷን አዞረች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

አባቷም አንድ ጠዋት ደረቱን ይዞ እንዲሁ ጠይቆኝ ነበር። «ሥራ ልግባ ወይስ ልቅር?» አንተ ታውቃለህ አልኩት። ገባ። በእግሩ አልተመለሰም።

አመንትቼ ነበር? አይ... እንዲቀር ፈልጌ ነበር። ታዲያ ይሄስ ሄዚቴት ይባላል? ወይስ ሌላ ስም አለው?

ልብስ ሰፊው ዛሬ ቀሚስ አስቆረጠኝ። ወገቡ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«እትዬ፣ መቀስ መሃል ላይ ከቆመ ጨርቁ ጠርዙ ላይ ጥርስ ያወጣል። ወይ አይጀምሩ፣ ወይ አያቁሙ።»

«ብሳሳትስ?»

«የተሳሳተውን አጥብበን እንሰፋዋለን። እርስዎ ግን ጨርቁን ለጥርስ ሐኪም ሊያደርሱት ነው።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም።

እሑድ፣ ጥቅምት 13

ሳህን እያጠበች ነበር። ከጀርባዋ ቆሜ ነገርኳት።

«ብትቀሪልኝ ደስ ይለኛል። ቤቱ ብቻዬን ያስፈራኛል።»

ውሃውን ዘጋች።

«የምትፈልጊውን ስትነግሪኝ ዛሬ ገና ሰማሁ።»

«ትቀሪያለሽ ታዲያ?»

«አልቀርም፣ እማ።»

እጇን ሳታደርቅ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሌላስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።  እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም።

«አላውቅም።»

«እስክሄድ አስቢበት» ብላ ሳቀች።

ትሄዳለች። ደግ አደረግሁ? ልቧን ነው ያከበድኩባት? አልለየልኝም... ስትስቅ ግን ቁርጥ አባቷን ነው የምትመስለው። ከሞተ ወዲህ ስሙን አንስተን አናውቅም።

ሳቋ የአባቷ መሆኑንም ነገርኳት።