ቁጭ ብዬ የሸኘኋት ልጄ

ሰኞ፣ ኅዳር 1
ዋሸሁ።
የጠራው የብርቱካን ስልክ ነው። ልጄ ከሞተች ወር አለፋት፤ ስልኳን ግን አልዘጋሁትም። የደወለችው ሴት ነርስ ነኝ አለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንደኔ ሽንት አልቋጥር ብሏቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሴቶች እየደወለች ትጠይቃለች። ያኔ ያስመዘገብነው የብርቱካንን ቁጥር ነበር።
«ሲያስሉ፣ ሲስቁ፣ ዕቃ ሲያነሡ ያመልጥዎታል እናቴ?»
ጭራሽ አልኋት። እያወራኋት ሳል ይዞኝ ጨርቄ ረጥቧል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ሦስት ጨርቅ አጠብሁ። እንደ ወትሮው ከበሩ ኋላ አሰጣሁ፤ ሰው እንዳያይ።
ያኔ እጄን ይዛ ከአዘዞ በሚኒባስ ወደ ሆስፒታል የወሰደችኝ ብርቱካን ናት። ከሽንት ቧንቧዬ ሥር ደግፎ የሚይዝ ቀጭን ጥብጣብ አስገቡልኝ። ስድስት ዓመት ሸጋ ሆኜ ኖርሁ። ሰገድሁ፣ ሳቅሁ፣ ማኪና ላይ ሳልሳቀቅ ተሳፈርሁ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተመለሰ። «እማ ዳነችልኝ» እያለች ለጓደኞቿ ስታወራ እንዴት ብዬ ልንገራት? እንደዳንሁ እንዳመነች ሞተች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
የባሌ እህት ታንጉት ከእንፍራንዝ ደወለች። ለቅዳሜው አርባ ምን ይዤ ልምጣ አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ምነው አንቺ፣ በአርባዋ እንኳ ተነሥተሽ አልቅሽላት። ሰው እኮ እንጀራ እናቷ ናት ወይ ይላል።»
ያገኘሽውን ይዘሽ ነይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።
እውነቱን እዚህ ልጻፈው። በቀብሯ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመስሁም። ሦስት ጨርቅ ታጠቅሁ። ሌሎቹ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ሲነሡ ሲወድቁ፣ እኔ ጉልበቴን ገጥሜ ቁጭ አልሁ። ከተነሣሁ፣ ከጮህሁ፣ በሰው ፊት ይፈሳል ብዬ። ሽንቴን ስጠብቅ ልጄን ቀበሯት።
ቤተ ክርስቲያን ከገባሁም ሰንብቻለሁ። ከቅጥሩ ውጭ ተሳልሜ እመለሳለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
በብርቱካን ስልክ ለነርሷ መልሼ ደወልሁ። ሰኞ የዋሸሁሽ ነኝ አልኋት። አልተቆጣችም። ነገ ሆስፒታል ይምጡ አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ሐኪሟ የብርቱካን እኩያ ናት። ያስሉ አለችኝ። ሳልሁ፤ አልጋው ረጠበ። ዓይኔን ጨፈንሁ።
ጥብጣቡ ቦታውን አልለቀቀም፣ ሥጋም አልጎዳም አለች። ብዙ ሴቶች እንደዳኑ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን ዓመታት ሲቆጠሩ ይመለሳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ እንጨት ስለተሸከምሁ የእኔ ጥፋት መስሎኝ ነበር።
«ጥፋትዎ አይደለም። ምነው ሦስት ዓመት ዝም አሉ?»
ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳየችኝ። ከሦስት ወር በኋላ ታየኛለች፤ ምናልባት ሌላ ቀዶ ሕክምና። እድናለሁ ወይ ብላት ቃል አልገባችልኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ለቀስተኛ ሳይመጣ ታንጉትን ጓዳ ጠርቼ ነገርኋት።
«እኔስ ስስቅ ያመልጠኝ የለ? አምስት ወልዳ ደረቅ የቀረች ካለች አሳይኝ።»
ከዚያ አለቀሰች። ስላማችኝ ነው መሰለኝ።
ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ ጋቢዋን ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝና ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ። ጮህሁ። ደረቴን መታሁ። «ብርቱካኔ፣ አልዳንሁም፤ ደብቄሽ ነው» አልኋት። እግሬ ድረስ ወረደ። ታንጉት ከፊቴ ቆመች። አላቆምሁም።
አሁን ሰው ሄዷል። ጨርቆቹንም ጋቢውንም አጥቤ ውጭ ገመዱ ላይ አስጥቻቸዋለሁ። ነገ እሑድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር እሻገር እንደሆን አላውቅም።