ገብሱን ያሳደሩት ሰው
የአቶ ፈንታው ደባሱ የሕይወት ታሪክ (1959–2017 ዓ.ም.)

አቶ ፈንታው ደባሱ ከአባታቸው ከአቶ ደባሱ ገብረ ዮሐንስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ አዳም በላስታ፣ ብልባላ አጠገብ በምትገኝ መንደር በ1959 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በደብራቸው ነው፤ አንደኛ ደረጃን በብልባላ፣ ሁለተኛ ደረጃን በላሊበላ ተማሩ።

በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ገብስ ጭነው ወደ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ይወርዱ ነበር። ነጋዴው ከተማው መግቢያ ላይ ጠብቆ ዋጋ ይጠራል፤ እናታቸው እምቢ ይላሉ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን የሚመለሱበትን ዳገትና የደከመችውን አህያ ያዩና፣ «እንግዲህ ውሰደው፣ ምን አደርጋለሁ» ይላሉ። አቶ ፈንታው ያችን «ምን አደርጋለሁ» ዕድሜ ልካቸውን አልረሷትም።

በግብርና ሙያ በዲፕሎማ ተመርቀው በ1985 ዓ.ም. ኮን ከተማ በልማት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። እዚያው መምህርት ከነበሩት ከወይዘሮ የሺሃረግ ደሳለ ጋር በ1988 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰብሌን እና አዳምን ወለዱ።

በ1996 ዓ.ም. ወደ ላሊበላ ሲዛወሩ ገበሬዎችን በማኅበር አስተባብረው ከገበያው ዳር መጋዘን አሠሩ። ዋጋው ያላማረው ሰው እህሉን እዚያ አሳድሮ ባዶ አህያውን እየነዳ ይመለሳል፤ ማኅበሩም የሁሉንም አጠራቅሞ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። መጀመሪያ ማንም አላመነም። ወይዘሮ ስሜነሽ የተባሉ ገበሬ፣ «እህሌን ከዓይኔ ለይቼ እንቅልፍ ይወስደኛል እንዴ?» አሉ። አቶ ፈንታው አልተከራከሩም፤ ጋቢያቸውን ይዘው ወደ መጋዘኑ ሄደው ወይዘሮዋ ካስገቡት ጆንያ ጎን ተኙ። በማግስቱ ወዳጃቸው የእህል ነጋዴው አቶ ሂሻም አይተው፣ «ጋሼ ፈንታው፣ ለገብስም አልጋ ይነጠፍለት ጀመር?» ብለው ቢቀልዱ፣ «እሱ ከተኛ አንተ ትነቃለህ» አሏቸው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወይዘሮ ስሜነሽ መንገድ ላይ ዋጋ ሲጠራላቸው፣ «እህሌ ያድራል» ብለው አለፉ። ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዛመተ የገበያው ቃል ሆነ። ዓመት ሳይሞላም አቶ ሂሻምና ሌሎቹ ነጋዴዎች መጋዘኑ በር ድረስ እየመጡ ዋጋ ይጠይቁ ጀመር። በሰሜኑ ጦርነት ወራት መጋዘኑ ባዶውን ከርሞ ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት ቀድመው በሩን የከፈቱት አቶ ፈንታው ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የመጨረሻው ጆንያ ሳይገባ ወደ ቤት አይመለሱም ነበር። ባለቤታቸውም የግቢውን በር ሳይቀረቅሩ ይጠብቋቸዋል። ዱላቸው የመንገዱን ድንጋይ ሲነካ መምጣታቸው ከሩቅ ይታወቅ ነበር።

አቶ ፈንታው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደሴና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው፣ የልደትን ከበሮ ከአልጋቸው ሆነው ሰምተው፣ ዓርብ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻ የጠየቁት፣ «ነገ ገበያ ነው አይደል?» ብለው ነው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺሃረግን፣ ልጆቻቸውን ሰብሌንና አዳምን፣ የልጅ ልጃቸውን ንጋትንም ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከብልባላ የወረዱት ገበሬዎች እህላቸውን መጋዘን አስገብተው፣ ሳይሸጡ፣ ሳይቸኩሉ እዚህ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ከአቶ ፈንታው አስከሬን አጠገብ ቆመዋል። እህላቸው ያድራል። የግቢው በር ዛሬ ሲመሽ ይቀረቀር እንደሆነ ግን ባለቤታቸው ገና አያውቁም።

ለሰው እህል ማደሪያ ለሠሩት እግዚአብሔር በመንግሥቱ ማደሪያ ይስጥልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን። አሜን።