በግንባርሽ የወረደው ቅቤ

ሮቤ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለስመኝ፣ ድሬዳዋ

ከሰላምታዬ በፊት ጥፋቴን ላስቀድም። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ አውርቼ ወረቀቱ ያልቅብኛል፤ በስልክም ሦስት ጊዜ እንዲሁ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ግንባርሽ ላይ የወጣውን ያን ሁሉ ብጉር ያባባሰው እኔ የቀባሁሽ ቅቤ ነው። ያኔውኑ ተነግሮኝ አውቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ደበቅሁሽ።

አሁን ሰላምታው ይከተል። እንዴት ነሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

እናትሽ ካረፈች በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ታደርግ እንደነበረው አናትሽን እቀባሽ ነበር። ሹሩባ መሥራት አልችልም፤ ቅቤ ግን አልሰሰትኩም። የቅቤ ነጋዴ ልጅ አናቷ ደርቆ ትታይ? በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ የሳምንቱን ወሬ፣ የሒሳብ መምህርሽን አነጋገር ሳይቀር እያስመሰልሽ ታወሪልኛለሽ፤ ቅቤው ደግሞ በፀሐይ እየቀለጠ በግንባርሽ ይወርዳል።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ያላት ሰሚራ ገበያ መጥታ መደቤ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ዘውገ፣ አካም ጅርቱ? የልጅቷን ግንባር አይተውታል?»

«ጉርምስና ነው» አልኳት።

«ጉርምስናውስ አለ። ቆዳዋም በራሱ ወዛም ነው። እርስዎ ደግሞ በላዩ ሌላ ወዝ ያፈሱበታል። ይተዉላት!»

«የእኔ ቅቤ እኮ ከሲናና ገጠር የመጣ ለጋ ነው!»

«ለጋነቱን ማን ካደ? ገንፎ ላይ ያድርጉት!»

ገበያተኛው ሳቀ፤ እኔ አፈርኩ። ማፈሬ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ በርጩማውን አውጥተሽ ስትጠብቂኝ ግን፣ ምን ብዬ ልተወው?

ስለዚህ መቀባቱን ቀጠልኩና ባንቺ አሳበብኩ። «በደንብ ስለማትታጠቢ ነው» ብዬ የልብስ ሳሙና ሰጠሁሽ፤ ግንባርሽን እስኪቀላ ፈተግሽው። ይባስ ብዬ ደንበኞቼ ፊት «መብራት ቢጠፋ የልጄ ፊት ይበቃናል» እያልኩ ሰው አሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ የኋላ ረድፍ መቆም ጀመርሽ። ከወንዶቹ በኩል ሆኜ አይሽ ነበር። ጸሎቴ ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር።

ባለፈው «አባዬ፣ ለሠርጌ ለፀጉሬ የሚሆን ቅቤ ላክልኝ። ግንባሬ በዚህ ሙቀት እንደገና ጀምሮኛል፤ እንዳስተማርከኝ በሳሙና እየፈተግኩት ነው» ስትዪኝ ስለ ገብስ አውርቼ ስልኩን ዘጋሁት። ዝም ብዬ ቅቤውን ብልክ በሠርግሽ ቀንም ፊትሽን ልትሸፍኚ ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ፣ ክንድሽን ይዤ እንዳስገባሽ ትፈልጊኝ እንደሆነ እንጃ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ዘውገ፣ እኔ ሰምቼ ምን ላድርግልህ? ግንባሩ የእሷ ነው፤ ለእሷ ንገራት» አሉኝና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ደብተር ይዤ ሰሚራ ዘንድ ሄድኩ።

«ዘጠኝ ዓመት ሲያስቡበት ነበር?» አለችኝ።

«ለመሆኑ ይህን ወዛም ቆዳ ከማን አመጣችው?»

«መስታወት ላምጣልዎት?»

እውነቷን ነው። በስልሳ ሁለት ዓመቴም ግንባሬ ያብረቀርቃል። እኔ ግን ስንት ጊዜ በእናትሽ ዘር አመካኘሁ!

ወዙ ቆሻሻ አይደለም አለችኝ። ቆዳ እንዳይደርቅ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ የአንዳንዱ ሰው ይበዛል፣ ሙቀትም ያባብሰዋል። የምትታጠቢው ልታጠፊው ሳይሆን ልክ ልታስይዥው ነው። የልብስ ሳሙናውን ዛሬውኑ ተዪው። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ የፊት ሳሙና፣ በጣትሽ ብቻ ታጠቢ፤ በፎጣ አትፈትጊው፣ ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ አድርቂው። ከዚያ ቅባት የሌለው ቀለል ያለ ክሬም ተቀቢ። «ወዛም ፊት ላይ ደግሞ ክሬም?» ብዬ ተከራክሬያት ነበር፤ ቆዳው ሲደርቅ ይቆጣል አለችኝ። ብጉሩን አታፍርጪው፤ ይህን ሁለት ጊዜ አስጽፋኛለች። ለውጡ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ አሁን ከጀመርሽ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ለሠርግሽ ይደርስልሻል። አብጦ ካመመሽ ግን የቆዳ ሐኪም ይይሽ።

ሳሙናውንና ክሬሙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቅቤውም ይመጣል፣ ለወጥ ነው። ሴቶቹ ለሙሽራ ደንብ ነው ብለው ግድ ካሉ የፀጉርሽን ጫፍ ብቻ ይንኩት፤ በዚያው ቀን ታጠቢው።

እግዚአብሔር ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ይስጥሽ። እጮኛሽን የሚያከብርሽ፣ አንቺንም የምታከብሪው ያድርግልኝ። ስለ እኔ የወሰንሽውን ሁሉ እቀበላለሁ።

ሳልዘጋው የትናንቱን ልንገርሽ። አንዲት የሲናና ሴት መጥታ «ለልጄ አናት አንድ ኪሎ ይስጡኝ። ፊቷ ብጉር በብጉር ሆኗል፤ ያለሰልስላት ይሆናል» አለችኝ።

«እህቴ፣ ለወጥ ከሆነ ልመዝንልሽ። ለአናቷ ከሆነ አልሸጥም» አልኳት።

«አንተ ዘውገ! ገበያ ጠላህ እንዴ?» አለ ከጎኔ የሚሸጠው ከሊል። ሰዉ ሁሉ ዞረ። በአንቺ ላይ ካሳቅኋቸው ብዙዎቹ እዚያው ነበሩ። ብድግ አልኩና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የልጄን የስመኝን ግንባር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ተነግሮኝ እያወቅሁ በእሷ አሳበብኩ፤ እናንተንም አሳቅሁባት» አልኩ።

አባትሽ ዘውገ